«ሬሳ ነክቼ ማዕድ እንዴት እቀርባለሁ?»

መቸም ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ከዳኝ»፣ «ከዳችኝ» የሚሉ ናቸው። የዛሬውም የልብ ጉዳይ አለበት፤ ግን ያኛው ልብ አይደለም። ደረታችን ውስጥ ድም ድም ስለሚለው የሥጋ ልብ፣ ስለ ጉበትና ስለ ኩላሊት ነው የምናወጋው። ጸሐፊዋ የዘመሮ ልጅ ናት። እኔም እዚያው መንዝ፣ ዘመሮ ተወልጄ፣ ፋርማሲ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ደብዳቤዋ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ተነበበ። አዳላህ ብትሉኝ እቀበላለሁ። ስሟንም የምትማርበትን ዩኒቨርሲቲም አልጠቅስም። አሳጠር አድርጌ እነሆ፦

«ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ፋርማሲን የመረጥኩት ነጭ ጋዋን ለብሼ መድኃኒት ለመስጠት ነበር። ሕክምና ያልሞላሁት ሬሳ ስለምፈራ ነው። ገና ከመጀመሪያው ግን አናቶሚ የሚባል ትምህርት መጣብኝ። አስከሬኑ ያለበት ክፍል የገባን ቀን የፎርማሊኑ ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ወጥቼ አስመለስኩ። የአጥንቱና የጡንቻው ስም ደግሞ ዛሬ ያጠናሁት ነገ የለም። የመጀመሪያውን ፈተና ከሠላሳ ስምንት አመጣሁ። ለገና አገሬ ስገባ ሥጋ መብላት አቃተኝ። እናቴ ምክንያቱን ጠይቃኝ ስነግራት አማተበችና «ሬሳ ነክተሽ ማዕድ እንዴት ትቀርቢያለሽ?» አለችኝ። እኔም ይኸንኑ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። እውነት ሬሳ ነክቼ ማዕድ እንዴት እቀርባለሁ? አባቴ የኪስ ገንዘብ የሚልክልኝ በግ እየሸጠ ነው። ወድቄ ከማሳፍረው ወደ አካውንቲንግ ልቀይር አስቤአለሁ፤ መቀየሪያው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ደግሞስ ክኒን ለሚቆጥር ሰው 206 አጥንት ምን ያደርግለታል? ምከሩኝ። ግራ የገባኝ ከዘመሮ።»

እህቴ ሆይ፣ በመጀመሪያ አይዞሽ! አንቺ ብቻ አይደለሽም። በዚያ በር ገብቶ ሆዱ ያልተገለበጠ ተማሪ ጥቂት ነው። ለሽታው ማስክ አድርጊ፤ ባዶ ሆድሽን ደግሞ አትግቢ፤ ቁርስ ሳይበላ የገባ ነው ቶሎ የሚያዞረው። ሲያዞርሽ ጀግና ልሁን ብለሽ አትቁሚ፤ ወጥተሽ ነፋስ ተቀበይና ተመለሽ። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ሽታው ቢኖርም ሰው ይለምደዋል። የሥጋው ነገርም ይመለሳል፤ በግድ አትብዪ።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። አናቶሚ አዲስ ሆኖብሽ ነው እንጂ አንቺ እኮ ከማንም ከተሜ ይልቅ ቀድመሽ ጀምረሽዋል። የመንዝ ልጅ አይደለሽ! ለበዓል በግ ሲታረድ እኛ ወንዶቹ እግር ይዘን እንቆማለን፤ ጨጓራውንና አንጀቱን ተቀብላችሁ የምታጥቡ እናንተ ናችሁ። ጉበት ለስላሳና ከባድ እንደሆነ፣ ሐሞት ከጉበት ጋር ተጣብቃ እንደምትገኝና ከፈሰሰች ሥጋውን እንደምታመርር፣ ኩላሊት በሞራ ተሸፍኖ ከጀርባ በኩል እንደሚቀመጥ በእጅሽ ዳብሰሽ ታውቂያለሽ። ሰውም ላይ እንዲሁ ነው፤ ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ናት፤ ኩላሊትም በስብ ተጠቅልሎ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ተቀምጧል።

ቋንቋችንስ ብትይ! የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ለመሆኑ ቆሽት የት እንዳለች ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ከጨጓራ ኋላ ተጋድማ ኢንሱሊን የምታመነጨው እሷ ናት። የስኳር በሽታ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፈራ «ሐሞቱ ፈሰሰ»፣ ያዘነ «አንጀቱ ተላወሰ» እንላለን። የሰውነት ክፍሎቹን ስም ከእናትሽ ጡት ጋር ጠብተሽዋል። የቀረሽ ቦታቸውንና ሥራቸውን ማወቅ ነው።

ግን ጥንቃቄ! በግ ሰው አይደለም። ይህን ብዬ የማላልፈው በዚሁ የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች ስላሉ ነው። ከዛሬ 1800 ዓመት በፊት በሮም የኖረው ጋሌን የሚባለው ሐኪም በመድኃኒት ቅመማ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ «ጋሌኒካል» የሚለው ቃል የመጣው ከእሱ ነው። በጊዜው የሰው ሬሳ መክፈት ስላልተፈቀደ አናቶሚን የተማረው ከዝንጀሮ፣ ከአሳማ፣ ከበሬና ከመሳሰሉት ነው። በበግና በበሬ አንጎል ሥር መረብ የሚመስል የደም ሥሮች ጥልፍልፍ አለ። ጋሌን ሰውም ይኸው አለው ብሎ ጻፈ። ሰው ግን የለውም! ያም ሆኖ ዓለም ከ1300 ዓመት በላይ አመነው። ቬሳሊየስ የሚባል ወጣት መምህር የሰው አስከሬን በገዛ እጁ እየከፈተ፣ ያየውን እየጻፈ በ1543 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ሲያወጣ ነው የጋሌን ስሕተት በሰፊው የተጋለጠው። ስለዚህ ያ ያስመለሰሽ ክፍል የተሠራው ሐኪሞች በግምት እንዳይሠሩ ነው። የበግ ጨጓራ አራት ክፍል አለው፤ ያጠብሻት ሽንፍላ አንዷ ናት። የሰው ግን አንድ ብቻ ነው። የበግ ትንሹ አንጀት ከ20 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የሰው 6 ሜትር ገደማ ነው። በጉን መነሻ አድርጊው፤ መልስ ግን አታድርጊው።

«ክኒን ለሚቆጥር ሰው 206 አጥንት ምን ያደርግለታል?» ላልሽው ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ያየሁትን ልንገርሽ።

አንድ ሰው ይመጣና ወገቡን ይዞ «ኩላሊቴን አሞኛል፣ ማስታገሻ ስጠኝ» ይላል። «የቱ ጋ?» ስትዪው ቀበቶው ካለበት በታች ያሳይሻል። ኩላሊት ግን እዚያ አይደለም፤ ከፍ ብሎ ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። የብዙዎቹ ሕመም ኩላሊት ሳይሆን ሸክም ያደከመው የወገብ ጡንቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ኩላሊቴን ብሎ የመጣው ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሳምንታት ሙሉ ቢውጥ፣ ያ ደኅና የነበረው ኩላሊቱ በመድኃኒቱ ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ደግሞ «ልቤን ያቃጥለኛል» ይላል። የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ሽቅብ ሲወጣ ሰው ልቤን ነው የሚለው፤ እውነትም ቃጠሎው ከልብ ጎረቤት ነው። ግን አላበኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ወደ ክንዴና ወደ መንጋጭላዬ ዘለቀ ካለ ነገሩ የእውነት ልብ ሊሆን ስለሚችል የአሲድ ማስታገሻ ሸጠሽ የምትሸኚው ሰው አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ቦታውንና ጎረቤቱን የማያውቅ ባለመድኃኒት ሁለቱን እንዴት ይለያል?

የመድኃኒቱስ መንገድ? ክኒን ሲዋጥ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምግብ ቧንቧ ወርዶ፣ ጨጓራ ደርሶ፣ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚሄድ ይመስልሻል? አይደለም። መጀመሪያ ጉበትን ማለፍ አለበት፤ ጉበት እንደ ኬላ ነው፣ ሳይፈትሽ አያሳልፍም። አንዳንዱን መድኃኒት አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ለደረት ውጋት የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ከምላስ ሥር ያሉት ደም ሥሮች በጉበት በኩል ሳያልፉ ወደ ልብ ይወስዱታል። ዶክሲሳይክሊንን በጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ክኒኑ ምግብ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። «በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ዋጥ፣ ቶሎም አትጋደም» የምንለው ለወግ አይደለም። የዓይን ጠብታ አድርጎ «ጉሮሮዬን መረረኝ» የሚልም አለ። ሰዎች ይስቁበታል፤ እውነቱን ግን ነው! ከዓይን ጥግ ወደ አፍንጫ የምትወርድ ቀጭን የእንባ ቦይ አለች። ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል በዚያች ቦይ አልፎ ደም ውስጥ ገብቶ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል አስም እንዳለበት ሳትጠይቂ አትሰጪም። ሌሎች ጠብታዎች ሲደረጉ ደግሞ የዓይንን ጥግ በጣት ጫን ማድረግ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሰዋል። ይህ ሁሉ አናቶሚ ነው እንግዲህ!

አሁን ለማንም ጽፌ የማላውቀውን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ያን ጊዜ በየመንደሩ እየዞረ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ነበር። እናታችን ዶሮዎቿን ሸጣ አስመጣችው። ልጁን በሆዱ አስተኝቶ ቂጡ ላይ ወጋው። ወንድሜ እሳት እስከ እግሩ ጣት የወረደበት ያህል ጮኸ። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው፤ እግሩ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ አልነሣ አለ። ሲራመድ ጣቶቹ መሬት ይጭራሉ። መንደሩ «ምች መትቶት ነው» አለ። እናቴ ከመታመሙ በፊት በቀትር ምንጭ ወርዶ ሲጫወት እያየሁ ዝም ብዬዋለሁ ብላ ጥፋቱን ራሷ ላይ ጫነችው። ጠበል ወሰደችው፣ ተሳለች፣ ዓመታት አለፉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አናቶሚ ስማር አንድ ቀን አስከሬኑ በሆዱ ተደፍቶ ጠበቀን። አስተማሪው የቂጡን ትልቅ ጡንቻ ገለጥ አደረገና ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ጣት የሚያህል ገመድ አነሣ። «ሳያቲክ ነርቭ ይባላል። ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ይህ ነው። ቦታውን የሳተ መርፌ የሚያገኘው ይኸንን ነው፤ ከተጎዳ እግር ወደ ላይ አይነሣም» አለን። ምን ልበልሽ… ክፍሉ በተማሪ ተሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን የማየው ወንድሜን ብቻ ነበር። ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ጓደኞቼ ሬሳ ፈርቶ ነው ብለው ሳቁብኝ።

ትምህርት ሲዘጋ አገሬ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ምችም አይደለም፣ ምንጩም አይደለም፣ መርፌው ያለ ቦታው ገብቶ ነው አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ዝም ብላ እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየችና «መርፌ ወጊውንስ ያስመጣሁት እኔ አይደለሁ?» አለችኝ። ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ሸክም አወረድኩ ብዬ ሌላ አሸከምኳት እንዴ! ክው አልኩ። በመጨረሻ «እማዬ፣ አንቺ ልጅሽ እንዲድን መድኃኒት ነው የፈለግሽው። ቦታውን ማወቅ የነበረበት መድኃኒቱን የያዘው ሰው ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያው አንተ እወቅልኝ» አለች። ወንድሜ ዛሬ ልጆች አሳድጓል። የቀኝ ጫማው ግን ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ጫፉ ላይ ያልቃል።

የኔ እህት፣ መልሴ ይኸው ነው። መድኃኒት የያዘ ሰው ቦታውን ማወቅ አለበት። እርግጥ የፋርማሲስት ዋና ሥራው መርፌ መውጋት አይደለም፤ መርፌው ግን ከእጅሽ ነው የሚወጣው፣ ሰው የሚጠይቀውም አንቺን ነው። ቂጥ ላይ የሚወጋ ከሆነ በሐሳብ መስቀል ሠርቶ ለአራት ከፍሎ የላይኛውን የውጭ ክፍል መምረጥ፣ ለሕፃን ደግሞ ቂጥን ትቶ የጭኑን የፊትና የውጭ በኩል መሆኑን ያወቀ ሰው በመንደራችን ቢኖር ኖሮ ወንድሜ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

አጠናኑን በተመለከተ የጠቀሙኝን ልጥቀስልሽ።

አንደኛ፣ ስሙን ባዶውን አትሸምድጂ፤ ፍታው ይገኝለታል። «ሬናል» ሲልሽ ኩላሊት፣ «ሄፓቲክ» ጉበት፣ «ጋስትሪክ» ጨጓራ፣ «ሰብ» ከሥር ማለት ነው። «ሰብሊንጓል» ከምላስ ሥር፣ «ሰብኩታኒየስ» ከቆዳ ሥር። ሠላሳ ያህል ሥር ቃላት ብትይዢ መቶዎቹ ራሳቸው ይከፈቱልሻል፤ የመድኃኒት ጽሑፍ ላይም እነዚሁ ናቸው የሚጠብቁሽ።

ሁለተኛ፣ የገዛ ሰውነትሽን መጽሐፍ አድርጊው። እጅሽን ጨብጪ፤ ልብሽ ያንን ያህላል። የጎድን አጥንትሽን ቁጠሪ፤ 12 ጥንድ ነው። የትከሻሽን አጥንት ጫፍ ዳብሺና ሁለት ሦስት ጣት ወረድ በዪ፤ ክንድ ላይ የሚወጋበት የዴልቶይድ ጡንቻ እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አካል አራት ጥያቄ ጠይቂ፦ የት ነው ያለው? ጎረቤቱ ማነው? ደሙ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? የትኛው መድኃኒት ያልፍበታል? አራተኛውን ጥያቄ የሕክምና ተማሪ እንኳ እንዳንቺ አይጠይቀውም።

አራተኛ፣ መጽሐፉን ዘግተሽ ሥዕሉን በእጅሽ ሣዪ፤ ቢያስቅም ሣዪ። ከዚያ ለክፍል ጓደኛሽ በአማርኛ አስረጃት። በአማርኛ ማስረዳት ካቃተሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ለፈተና ዋዜማ አታጠራቅሚ። ዛሬ ያየሽውን ነገ አሥር ደቂቃ፣ በሳምንቱ ደግሞ አሥር ደቂቃ ከልሺው። «ዛሬ ያጠናሁት ነገ የለም» ያልሽው በሽታ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

የእናትሽን ነገር ረስቼው አይደለም፤ ከባዱ እሱ ስለሆነ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። እናትሽን አላዋቂ ናቸው ብለሽ አትለፊያቸው። ለሬሳ ክብር አለን፤ ገንዘን፣ አልቅሰን፣ ቀብረን የምንኖር ሕዝብ ነን። ያ በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘለት ነው። ስሙን አናውቀውም፤ እሱም እኛን አያውቀንም። ሳይናገር ያስተምረናል። እኔ ያ ሰው ባይኖር ኖሮ የወንድሜን እግር ምስጢር ሳላውቅ እሞት ነበር። ስለዚህ አትሳቂበት፣ ፎቶ አታንሺው፣ በአካሉም አትቀልጂ። ከመጀመርሽ በፊት በልብሽ ነፍስ ይማር በዪለት። ጓንትሽን አውልቀሽ፣ እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢና ማዕድሽን ቅረቢ። ለእናትሽም «እማዬ፣ አስታማሚ እጁን ታጥቦ ይበላ የለ? እኔም ለሕመምተኛ ብዬ ነው የነካሁት» በያቸው። በአንድ ቀን ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው የትኛው ክኒን ከጨጓራቸው ጋር እንደማይስማማ የነገርሻቸው ቀን ግን ይገባቸዋል።

ስለ መቀየሩ እቅጩን ልንገርሽ። አካውንቲንግ የተከበረ ሙያ ነው፤ ልብሽ እዚያ ከሆነ ሂጂ፣ ማንም አይቀየምሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ አካውንቲንግ የጻፍሽው አንዲት ቃል ብቻ ናት። መድኃኒት መስጠት ግን እንደምትፈልጊ ገና በመግቢያሽ ነግረሽኛል። ከአንድ ክፍል ሽታና ከአንድ ፈተና ለመሸሽ ብለሽ የአምስት ዓመት መንገድሽን አትለውጪ። አናቶሚ ለፋርማሲ ተማሪ የመግቢያ በር ነው፤ በር ላይ ማንም አያድርም። ስምንት ያመጣሽበትን የፈተና ወረቀት ይዘሽ አስተማሪሽ ዘንድ ሂጂና የሳትሽውን ጠይቂ፤ የሚቀጥለውን ፈተና እዪውና ያን ጊዜ ወስኚ። ቀኑ አያቆይም ካሉሽ ደግሞ የኔ ድምፅ «ቆይ» ነው።

እኛ በነበርንበት ዘመን ከመንዝ ወጥቶ ይህን ትምህርት ማግኘት ሩቅ አገር መሄድ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፋርማሲ ትምህርት ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የአገራችን ሰው ወሬውንም የሰማ አይመስለኝም። ዛሬ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እንኳ በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ ፋርማሲ ያስተምራል። መንገዱ ቀርቧል፤ የሚሄድበት ነው የሚፈለገው። ዘመሮ ላይ አንድ ቀን ባንኮኒ ኋላ ቆመሽ፣ በርኖሱን የለበሰ አባት «ልጄ፣ ኩላሊቴን ነው» ሲልሽ፣ ተነሥተሽ «አባባ፣ የቱ ጋ እንደሆነ በእጅዎ ያሳዩኝ» የምትዪበት ቀን ይታየኛል።

ውጤትሽን ጻፊልኝ፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ውድ አንባብያን፣ ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።